የማሽ ተኑ ፎልስ ቦተም አልገጥም ሲል፦ ደረጃ በደረጃ ማስተካከያ

ብቅል በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፍበት ዕቃ ማሽ ተን ይባላል፤ ወለሉ ላይ የሚቀመጠው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሳህን ፎልስ ቦተም፣ ከብቅሉ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ደግሞ ዎርት። ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ቧንቧውን ስከፍት ዎርቱ ትንሽ ይወርድና ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ከነገለፈቱ ይመጣል። ሳህኑን ልቀይረው?» መልሴ ብዙ ጊዜ «ቆዩ፣ አትቀይሩት» ነው። ሌላ ሳህን ብትገዙም ክፍተቱ እዚያው ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከሁሉ በፊት ገለፈቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ እወቁ። መንገዱ ሦስት ብቻ ነው፦ በሳህኑ ጠርዝ፣ መሃል ላይ ጎሚቶው (ቱቦው የሚሰካበት መታጠፊያ) በሚገባበት ቀዳዳ፣ ወይም ሳህኑ ከወለሉ ተነስቶ ሲንሳፈፍ ከሥሩ። ሦስቱንም ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ በትንሽ ወጪ ታስተካክሏቸዋላችሁ።

መመሪያው ክብ የውሃ ኩለርን (ሙቀት የሚይዝ፣ ቧንቧ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ) ማሽ ተን አድርገው ለሚጠቀሙ ነው። ባለ 10 ጋሎኑ (38 ሊትር ገደማ) ብዙውን ጊዜ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳ.ሜ የሚሆን ጎበጥ ያለ ሳህን ይወስዳል። ባለ 5 ጋሎኑ (19 ሊትር) ደግሞ 9 ኢንች፣ 23 ሳ.ሜ አካባቢ። በድስት የምትሠሩም አሠራሩ ያው ነው፤ የኩለሩን ፕላስቲክ የሚመለከተውን ብቻ እለፉት። ሙቀቱን ሁሉ በሴንቲግሬድ ጽፌዋለሁ።

ክፍተቱ ለምን ያን ያህል ይጎዳል?

ዎርቱን የሚያጣራው ሳህኑ አይደለም። የሚያጣራው ሳህኑ ላይ የሚተኛው የብቅሉ ገለፈት ነው። የሳህኑ ሥራ ገለፈቱን ደግፎ ከሥሩ ንጹሕ ባዶ ቦታ መተው ነው። ጠርዙ ላይ ከሳህኑ ቀዳዳዎች የሚበልጥ ክፍተት ካለ፣ ገለፈቱ በዚያ ሾልኮ ከሥር ይገባል። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ሳህኑን ከቧንቧው ጋር ወደሚያገናኘው ቱቦ አፍ። ጥቂት ገለፈት ጠባብ አፍ ላይ ከተጋደመ ዱቄቱ ይለጥፈዋል፤ ቧንቧው ይደፈናል። ስለዚህ ግባችን አንድ ነው፦ የትኛውም ክፍተት ከሳህኑ ቀዳዳ እንዳይበልጥ ማድረግ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቱቦ፣ ውስጡ 6 ሚ.ሜ፣ ውጪው 10 ሚ.ሜ ገደማ፣ 1 ሜትር። ይህ ለጠርዙ ነው።
- ግድግዳው ወፍራም የሆነ ሌላ የሲሊኮን ቱቦ፣ 30 ሳ.ሜ። ይህ ሳህኑን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ነው። ከጎሚቶአችሁ ጫፍ ጋር ልክ የሚሆነውን ምረጡ።
- የማይዝግ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት)፣ 2
- ስለታም ቢላ፣ ቀጭን ክብ እንጨት (የቻይና መብያ እንጨት ይበቃል)
- ጥሩ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት
- ሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ካቻቪቴ፣ ቁልፍ፣ ቴፍሎን፣ የእጅ ባትሪ
- የሻይ ማጥለያ
- 1 ኪሎ የተከካ የገብስ ብቅል ለሙከራ
- የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲም፣ ያውም ኒኬሉ። ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሌላ አገር ያላችሁ 2 ሚ.ሜ የመሰርሰሪያ ጫፍ ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

70 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በቅጽበት ያቃጥላል። ጓንት አድርጉ፤ ኩለሩንም ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ፣ በማይወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

የሳህኑ ጠርዝ በተለይ ከሞረዳችሁት በኋላ እጅ ይቆርጣል።

ዚንክ የተቀባ ብሎን፣ ዳዶ ወይም ሽቦ ኩለሩ ውስጥ አታስገቡ። የብቅሉ ውሃ አሲድነት ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል፤ እናንተ ደግሞ ትጠጡታላችሁ። የአትክልት ማጠጫ ጎማም አይሆንም። ለምግብ አልተሠራም፣ ሲሞቅም ይልመሰመሳል።

አሠራሩ

1. ሳህኑን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት። የወለል ሴራሚክ ወይም የመስታወት ጠረጴዛ ጥሩ ነው። ዙሪያውን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት። የሚንገጫገጭ ከሆነ ጠርዙ ታጥፏል ማለት ነው። ከፍ ያለውን ቦታ በእስኪርቢቶ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ከሥሩ እንጨት አድርጋችሁ በጎማ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ኃይል አያስፈልገውም። ሁለት ሦስቴ መታ፣ መልሶ ማየት፣ እንደገና መታ። የታጠፈ ጠርዝ ሳይቃና ሌላውን ደረጃ ብትቀጥሉ ልኬታችሁ ሁሉ ይዋሻል።

2. ኩለሩን አሙቁት። 10 ሊትር ያህል 75 ዲግሪ ውሃ ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አፍስሱት። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ቀዝቃዛ ኩለር ውስጥ ልክክ ያለ ሳህን በጠመቃው ቀን ዙሪያውን ሊላቀቅ ይችላል። ልኬቱን የምትወስዱት ሳህኑ በሚሠራበት ሙቀት መሆን አለበት።

3. ቱቦውን ሳታያይዙ ሳህኑን ብቻውን አስገቡና ዙሪያውን ፈትሹ። ባትሪውን አብሩ። ሳንቲሙን በጠርዙና በግድግዳው መሃል፣ እንዲሁም በጠርዙና በወለሉ መሃል ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ገለፈትም ይገባል። የገባበትን ቦታ ሁሉ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ኩለሩ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ጨርሱ።

አንድ ቦታ ለብቻው እዩት፦ ቧንቧው ከውስጥ የታሰረበት ዳዶ። አንዳንድ ኩለር ላይ ቧንቧው ወደ ወለሉ በጣም ይቀርባል፤ የሳህኑ ጠርዝ ዳዶው ላይ ይወጣና አንድ ጎኑ ተነስቶ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ቀጭን ዳዶ ቀይሩለት። ቀጭን ካላገኛችሁ፣ ዳዶው በሚነካበት ቦታ ብቻ ጠርዙን በሞረድ ጎድጎድ አድርጉት። ጎድጓዳው ከዳዶው እንዳይሰፋ፤ አለበለዚያ ያስተካከላችሁትን ክፍተት መልሳችሁ ትከፍታላችሁ።

4. አሁን ቱቦውን አያይዙና እንደገና ፈትሹ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ብዙ የሚነግራችሁ ይህ ንጽጽር ነው። ያለ ቱቦው ክፍተት ካለ ጥፋቱ የጠርዙ ነው። ያለ ቱቦው ደህና ሆኖ በቱቦው ጊዜ ሳንቲሙ ከገባ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ ሳህኑን ምንም አትንኩት።

ቱቦው ረጅም ሲሆን እንደ ሞላ ይገፋና ሳህኑን በአንድ ጎን ያነሳዋል። አጭር ሲሆን ወደ ቧንቧው ጎትቶ ያዘመዋል። ትክክለኛው ርዝመት ሳህኑ በራሱ ክብደት ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ቱቦው ሳይወጠርም ሳይታጠፍም የሚደርስበት ነው። መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ቱቦ ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ የራሱ ጉብጠት አለው። ጉብጠቱ ሳህኑን ወደ ታች እንዲጫን አድርጋችሁ አዙሩት። አልገባ ካለ ጫፉን በሙቅ ውሃ አርጥቡት።

ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ እሰሩ። ያልታሰረ ቱቦ ብቅል ስታማስሉ ተነቅሎ ይወጣል። ያን ጊዜ 5 ኪሎ ብቅል በላዩ ላይ ነው፤ እጃችሁን አስገብታችሁ የምትመልሱት ነገር አይደለም። ውስጡ ያለው ቀድሞ የተሰጣችሁ ስስ ፕላስቲክ ቱቦ ከሆነም በሲሊኮኑ ቀይሩት። ስሱ ቱቦ ሲሞቅ ይለሰልስና ዎርቱ ሲሳብ ጎንና ጎኑ ይጣበቃል። ይህ ከውጭ ሲታይ ልክ የተደፈነ ሳህን ይመስላል።

5. መሃሉን አጥብቁ። ጎሚቶው በሳህኑ መሃል የሚያልፍበትን ቀዳዳ እዩ። ጎሚቶውን ያዙና ወዘወዙት። የሚነቃነቅ ከሆነ ዳዶውን አጥብቁት፤ ቀዳዳው ከሰፋ የማይዝግ ሮንዴላ ከላይም ከታችም ጨምሩ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ሁለት ዙር ጠምጥሙ። ይህ ክፍተት ትንሽ ቢሆንም ከጠርዙ ይከፋል፤ በዚህ የገባ ገለፈት በቀጥታ ቱቦው አፍ ላይ ያርፋል።

6. ጠርዙን በሲሊኮን አልብሱት። ሳህኑ ለኩለሩ ጠቦ ጠርዙ ክፍተት ካለው መፍትሔው ይህ ነው።

መጀመሪያ ዙሪያውን ለኩ። 30 ሳ.ሜ ሰፊ የሆነ ሳህን ዙሪያው 94 ሳ.ሜ ይሆናል (30 በ3.14 ሲባዛ)። ቱቦውን ከዚያ 2 ሳ.ሜ አስረዝማችሁ ቁረጡ። በርዝመቱ ቀጥ ያለ መስመር በእስኪርቢቶ አስምሩ። ክብ እንጨቱን ቱቦው ውስጥ አስገቡ፣ መስመሩን ተከትላችሁ አንዱን ግድግዳ ብቻ ሰንጥቁ። እንጨቱ ቢላው ወደ ሌላኛው ግድግዳ እንዳያልፍ ይከላከላል። ቢላውን ሁልጊዜ ከእጃችሁ ወደ ውጭ ሳቡ።

ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። የቱቦውን ስንጥቅ ከፈት አድርጋችሁ ጠርዙ ላይ አልብሱት፤ ከቧንቧው ተቃራኒ በኩል ጀምሩና ዞራችሁ እዚያው ጨርሱ። መጋጠሚያው እዚያ የሚሆነው በቧንቧው በኩል ቱቦውና ዳዶው ሳህኑን ስለሚነካኩት ነው። ስታለብሱ በፍጹም አትለጥጡት። የተለጠጠ ሲሊኮን ቆይቶ ይሰበሰብና መጋጠሚያው ይከፈታል። ሲጨርስ ትርፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተዉለት። ሁለቱ ጫፎች ተገፋፍተው እንዲቀመጡ ነው።

ሳሙናውን በደንብ አጥቡና ሳህኑን የሞቀው ኩለር ውስጥ አስገቡት። ጫን ስትሉት ትንሽ እንቢ ብሎ መግባት አለበት። ግድግዳውን እየገፋ ወደ ላይ የሚመለስ ከሆነ ቱቦው ወፍሯል፤ ቀጭኑን ሞክሩ። ሳንቲሙ አሁንም የሚገባበት ቦታ ካለ ወፍራሙን። ኩለሮች ፍጹም ክብ ስላልሆኑ አንድ ጎን ጠበቅ፣ አንድ ጎን ላላ ሊል ይችላል። ሳህኑን ሩብ ዙር እያዞራችሁ የተሻለውን አቀማመጥ ፈልጉና ጠርዙና ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ሁልጊዜ በዚያው አቀማመጥ አስገቡት።

ሳህኑ ከሰፋስ? ጠርዙ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ወለሉን ሳይነካ ይቀራል። በጉልበት አትጫኑት፤ ይታጠፋል፣ ግድግዳውንም ይፍቃል። የሚነካበትን ቦታ ብቻ በሞረድ ጥቂት ጥቂት ቀንሱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ የብረቱን ብናኝ አጥባችሁ እንደገና ሞክሩ።

7. እንዳይንሳፈፍ አድርጉት። ጎበጥ ያለ ሳህን ከሥሩ አየር ይይዛል። ውሃ በኃይል ሲገለበጥበት አየሩ ያነሳዋል፤ ብቅሉ በዚያች ቅጽበት ከሥሩ ይገባል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ነው። ሳህኑን አስገቡ፣ ቱቦውን እሰሩ። ሳህኑን 5 ሳ.ሜ ያህል እስኪያልፈው ድረስ ሙቅ ውሃ በቀስታ ጨምሩ። በረጅም ማንኪያ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጉት። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ እስኪያቆም ቀጥሉ። ከዚያ ቧንቧውን ለአፍታ ከፍታችሁ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር አስወጡና ዝጉ። የቀረውን ውሃ፣ በመጨረሻም ብቅሉን እያማሰላችሁ ጨምሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከተነሳ፣ ሳህኑ ላይ በተራራቁ 3 ቦታዎች የማይዝግ ብሎንና ዳዶ እሰሩ። ክብደቱ ይይዘዋል።

8. በብቅል ፈትኑት። ውሃ ብቻ አፍስሶ «ይወርዳል» ማለት ፈተና አይደለም፤ ውሃ በማንኛውም ክፍተት ይወርዳል። ኩለሩን አሙቁና 1 ኪሎ የተከካ ብቅል በ6 ሊትር ሙቅ ውሃ አማስሉ። 10 ደቂቃ ይረፍ። ቧንቧውን ሩብ ብቻ ከፍታችሁ ዎርቱን በሻይ ማጥለያ ውስጥ አሳልፉት። የመጀመሪያው 2 ሊትር ደፍረስ ማለቱና ጥቂት ገለፈት መያዙ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ማጥለያው ላይ የሚቀር ገለፈት ሊኖር አይገባም። ዱቄት የመሰለ ነገር ቢታይ አትጨነቁ፤ 1 ኪሎ ብቅል ስስ ንጣፍ ስለሚሠራ በደንብ አያጣራም።

ገለፈቱ ካላቆመ ብቅሉን በቀስታ አውጡና ሳህኑን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ወለሉን ተመልከቱ። ገለፈቱ በአንድ ጎን እንደ ጨረቃ ተከማችቶ ከሆነ የሚያሳልፈው በዚያ ጎን ያለው ጠርዝ ነው። መሃል ላይ ከሆነ ጎሚቶው። በሁሉም ቦታ ተበትኖ ከሆነ ሳህኑ ተንሳፍፎ ነበር። ወደዚያው ደረጃ ብቻ ተመለሱ።

9. ከሥር የሚቀረውን ውሃ ለኩ። ሳህኑና ቱቦው የገቡበት ባዶ ኩለር ውስጥ 5 ሊትር ውሃ ጨምሩና በቧንቧው አፍስሱት። የወጣውን ለክታችሁ ከ5 ቀንሱ። ሲሊኮኑ ሳህኑን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ይህ ቁጥር ከቀድሞው ሊለይ ይችላል። የጠመቃ ውሃችሁን ስትሰሉ አዲሱን ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ድስታችሁ ሁልጊዜ ይጎድላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*በሲሊኮን ማጣበቂያ ማሸግ።* ሳህኑን ከወለሉ ጋር አጣብቃችሁት ከሥሩ እንዴት ታጥቡታላችሁ? ሳህን መውጣት አለበት።

*ብቅሉን እንደ ዱቄት ማስፈጨት።* ይህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ ለእንጀራ እንደሚፈጨው ካስፈጫችሁት ምንም ሳህን አያድናችሁም። ብቅል መከካት እንጂ መላም የለበትም። በሮለር ወፍጮ የሚከኩ ክፍተቱን 1 ሚ.ሜ አካባቢ ያድርጉት። እፍኝ አንሱና እዩ፦ ፍሬው ሦስት አራት ቦታ ተሰብሮ፣ ገለፈቱ ግን በአብዛኛው ሳይበጣጠስ መቅረት አለበት። ማጣሪያችሁ እሱ ነው።

*ገለፈት የሌለውን እህል ረስቶ መጨመር።* ስንዴና የተፈተገ አጃ እንዲህ ናቸው። ጤፍ የሚጨምሩ ወዳጆች ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የጤፍ ፍሬ ከሳህኑ ቀዳዳ ስለሚያንስ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ከተፈጨም ይጓጉላል። ከገብስ ብቅሉ ጋር በደንብ አደባልቁት፤ ለ5 ኪሎ ድብልቅ 250 ግራም የታጠበ የሩዝ ገለፈት ጨምሩ። ይህ የሳህን ችግር አይደለምና ሳህኑን አትውቀሱት።

*ቧንቧውን ከመጀመሪያው ሙሉ መክፈት።* ዎርቱ በፍጥነት ሲሳብ ገለፈቱን ጠቅጥቆ እንደ ግድግዳ ያደርገዋል። በሩብ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ከ2 እስከ 4 ሊትር በቀስታ ከላይ መልሱት። ከጠራ በኋላ በደቂቃ 1 ሊትር ያህል በቂ ነው። ከቧንቧው ወደ ታች የሚንጠለጠል ረጅም ጎማም ሳቢ ኃይሉን ስለሚጨምር አሳጥሩት።

*ሁለት ነገር በአንዴ መቀየር።* ቱቦውንም ጠርዙንም ወፍጮውንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ጠመቃው መሃል ላይ ቀጥ ካለ

ብቅሉን አትድፉት። ቧንቧውን ዝጉ። ከቧንቧው ጎማ ጋር ማንቆርቆሪያ (ፈነል) አያይዙና ከኩለሩ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ 2 ሊትር ያህል 75 ዲግሪ ውሃ ጨምሩበት፣ ከዚያ ቧንቧውን ክፈቱ። ውሃው ወደ ኋላ ገብቶ አፉን የደፈነውን ገፍቶ ያነሳል። በአፍ መንፋትን አልመክርም፤ ትኩሱ ዎርት ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ የላይኛውን ብቅል ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፤ ማማሰያው ሳህኑን እንዳይነካ። 10 ደቂቃ አሳርፉና በሩብ ክፈቱ። የመጀመሪያውን ዎርት እንደገና ከላይ መልሱ።

ሁለቴ ሞክራችሁ እንቢ ካለ ሁሉንም ሰፊ የማጥለያ ከረጢት ውስጥ ገልብጡና ድስቱ ላይ አንጠልጥላችሁ አጥልሉት። ቢራው ትንሽ ይደፈርስ እንጂ ይተርፋል። ብቅሉን ለማጠብ የምትጨምሩት ውሃ ግን ከ77 ዲግሪ እንዳይበልጥ፤ ሲበልጥ ከገለፈቱ አፍ የሚያደርቅ ምሬት ያወጣል።

ከጠመቃው በኋላ

አተላውን በዚያው ቀን አውጡ። ፋሸታውን ፈትታችሁ ሳህኑን አንሱ፣ ሲሊኮኑን ከጠርዙ ላይ አውልቁና ስንጥቁን ከፍታችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ዎርት በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል፣ ይሻግታልም። ዎርቱ በኋላ ስለሚፈላ ኩለሩን በጀርም ማጥፊያ ማከም አያስፈልግም፤ ንጹሕና ደረቅ መሆኑ ይበቃል። ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁት። ሲሊኮኑ ስንጥቁ ጫፍ ላይ መቀደድ ሲጀምር፣ ወይም ጠርዙን ጨብጦ መያዝ ሲያቅተው በአዲስ ቀይሩት፤ ከቀየራችሁ በኋላም ደረጃ 8ን አንድ ጊዜ ድገሙት።